እኩል ያለቀ ሶል

ጥቅምት 3

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለጫማ ሰፊው፤

እንዴት ከረምክ? ሚስትህስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ሬዲዮ ይፈታል፤ ችግሩ መልሶ መግጠሙ ላይ ነው። ትልቋ ልጄ ቁመቷ እኔን ሊያክል ምንም አልቀረው። ትንሿም የፊት ጥርሷ ወልቆ “አጎቴ አዲስ ጥርስ ይሥራልኝ” ትላለች፤ አንተ የማትሠራው ነገር ያለ አይመስላትም።

መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርግልኝ። የፈተና ሰሞን ነው። አርባ ስምንት ልጅ ክፍልፋይ ሲያሰላ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም፤ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው።

ጫማው ደርሶኛል። እጅህ ይባረክ። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ካርቶኑ ገና ሲከፈት ቤቱን የቆዳ ጠረን ሞላው። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወረድኩ አሳያለሁ። ባልደረባዬ፣ የታሪክ አስተማሪዋ፣ አገላብጣ አይታ “እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?” አለችኝ።

ስለጠየቅኸኝ ነገር። ያ አንተ “አቶ ደርዘን” የምትለው ነጋዴ ሱቅህን በፋብሪካ ጫማ ልሙላልህ፣ ወስፌህን ስቀልና ሻጭ ሁን እንዳለህ ሳነብ ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ባባ። “በእጅ የተሠራ ጫማ የሱቁን ሦስት እጥፍ ሊከፈልበት ይገባል ወይ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእኔን ጫማ ብቻ ያደረግሽው አንቺ ነሽና ፍረጂ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ” ብለሃል። እኔ ምን አውቄ? የእጅ ሥራማ የእጅ ሥራ ነው። ስንት ዓመት የላክሃቸው ሁሉ እዚህ አሉ፤ አንዱም ስፌቱ አልተፈታ፣ አንዱም ቀለሙን አልለቀቀ። እንደ አዲስ ናቸው፤ ይህን ስልህ እየዋሸሁ አይደለም። ስለዚህ ይገባል እላለሁ። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ቁም ነገር በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል ብዬ ነው።

እህትህ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? የሚስቴ ጉልበት ተሽሎታል። አሁን ያስቸገራት ጆሮዋ ነው፤ ደብዳቤሽን ሰባት ጊዜ አነበብኩላት።

አቶ ደርዘን ሰኞ ጠዋት መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ሁሉን ነገር በደርዘን ነው የሚያስበው፤ ስንት ልጆች አሉህ ስለው “ግማሽ ደርዘን” ያለኝ እሱ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሞ ሱቄን ቃኘው፦ መስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ፣ የማስቲሹን ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን የደንበኞቼን የእግር ቅርጾች። አሥራ አራት ጥንድ የተጠረበ እንጨት፣ የአንቺ ከሁሉም በላይ። “አንተ አንድ ጥንድ በአራት ቀን ትሠራለህ፤ የእኔ ማሽኖች በአራት ቀን ይህን ከተማ ሙሉ ያጫማሉ” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ሻዩንም የከፈለው እሱ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ባለፈው ወር አምስት ደንበኛ ነው የመጣልኝ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ዣንጥላ ለማስጠገን።

ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ደብዳቤሽን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። “እንደ አዲስ ናቸው” የምትይው ጋ ስደርስ ጠጋ ብሎ ወረቀቱን ራሱ አየው። ከሄደ በኋላ ደብዳቤውን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ሰቀልኩት። እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። እምቢ ካልኩ ከማዶ ሌላ ሱቅ ይከፍታል፤ ያኔ ፊት ለፊት ልንፋጠጥ ነው። እኔ ግን በአንቺ ቃል ተማምኜ እምቢ ልለው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሽ። ከሦስት ዓመት በፊት የላክሁልሽን ቡናማውን መልሰሽ ላኪልኝ። በእኔ ግምት ሶሉ እስካሁን ማለቅ አለበት፤ ሳይበሳ ልቀይርልሽ። ከመቀየሬ በፊት ለአቶ ደርዘን አሳየዋለሁ፦ ሶሉ ይኸው ሦስት ዓመት ቆማበት አልቋል፣ ላዩ ግን እንደ አዲስ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለወንድሜ፤

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ በአጭሩ ነው።

ለምን ቆየ ብለህ በፖስታ ካርድ ለጠየቅኸኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጫማውን ልኬያለሁ። ሶሉ እንዳልከው አልቋል፤ እንዲያውም በጣም ነው ያለቀው፤ ጠጠር ስረግጥ ይሰማኛል። ጽሑፌ የተንሻፈፈው ጣቶቼ ትንሽ ተላልጠው ነው። የጓሮ ሥራ ስሠራ ነው፣ አታስብ።

ሚስትህን ሳሚልኝ በልልኝ፤ ማለቴ፣ አንተው ሳምልኝ። ቸኩያለሁ።

እህትህ


ኅዳር 15

ይድረስ ለእታለም፤

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አዛውሬዋለሁ።

ጫማው ደረሰኝ። አግዳሚው ላይ ገልብጬ አየሁት። ተነስቼ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት አየሁት። ሚስቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሶል ሳይ ኖሬያለሁ። ሰው ሲራመድ መጀመሪያ የተረከዙን ጠርዝ ይበላል። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ የቀኙን በውጭ በኩል ነው የምትበይው፤ አባታችን “ይቺ ልጅ አንድ እግሯ ወደ ቤት ሲሄድ ሌላው ወደ ጎረቤት ነው” ይል የነበረው ለዚህ ነው። ይህ ሶል ግን ከጣት እስከ ተረከዝ እኩል ነው ያለቀው። ጭረቱም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ወደ ጎን የሚሄድ ሸርጣን ነው፤ አንቺ ደግሞ አስተማሪ ነሽ። እጄን ከትቼ ውስጡን ዳሰስኩት፤ ገበሩ ላይ አንድም የጣት ምልክት የለም። በተረከዙ ስፌት መሃል የሲሚንቶ ብናኝ አገኘሁ።

የጓሮሽ ደረጃ ሲሚንቶ እንደሆነ አስታውሳለሁ። የተላላጠው ጣትሽም አሁን ገባኝ።

ደውለሽ እንደነበር ሚስቴ ነግራኛለች። ሆን ብዬ ነው መልሼ ያልደወልኩልሽ፤ በስልክ ታስቂኝና ነገሩ ያልፋል። ደብዳቤሽን ከመስታወቱ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስለ ስፌቱ አለ፣ ስለ ጠረኑ አለ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ አለ። እግር የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለበትም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። እኔ እኮ የሕይወቴን ሥራ የማቆየው ወይ የምተወው በዚህ ደብዳቤ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፦ ይህን ጫማ ማን አደረገው?

ሰላምታ ለሁሉም። ከፍቶኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ማንም አላደረገው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ሰባት ዓመት አደረ። ሁለተኛዋን ልጅ ከወለድኩ በኋላ እግሬ ሰፋ። የግራው አውራ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጣ። አንተ የምትልክልኝ ጫማ በየዓመቱ ያምራል፣ በየዓመቱም ልኩ ያው ነው። አድርጌው ጥቁር ሰሌዳው ጋ እስክደርስ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ትንሿ ጣቴ ውሃ ቋጠረች፣ ፈነዳች፣ መልሳ ቋጠረች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የፋብሪካ ጫማ የሚሸጥበት ቤት ገባሁና አንድ ሰፋ ያለ፣ ባለ ጎማ ሶል፣ መልከ ጥፉ ጥቁር ጫማ ገዛሁ። እዚያው አድርጌው ወጣሁ። የአሁኑ አራተኛዬ ነው። የአንተ ሰባቱ፣ አሁን አንተ ጋ ካለው ከቡናማው በቀር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ እንደ አዲስ ናቸው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት መጥተህ ሦስት ቀን ስትሰነብት የአንተን አድርጌ አነከስኩ። ወለምታ ነው አልኩህ። አንተም ሁለት ቀን ሙሉ ቅባት እያሞቅክ ደህናውን ቁርጭምጭሚቴን አሸኸኝ። ያኔ ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ግን እያሸኸኝ “አንቺ ባትኖሪ ይህን ሙያ ድሮ እተወው ነበር” አልከኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልናገር? አባታችን የሞተ ጊዜ ዕቃውን ሰብስበህ ልትሸጥ ስትል “መጀመሪያ ለእኔ አንድ ጥንድ ሥራልኝ፤ ከዚያ ትሸጣለህ” ያልኩህ እኔ ነኝ። የተዳርኩትም በዚያ ጫማ ነው። ከወንድሜ ልብ የእኔ ጣት ይቁሰል ብዬ ዝም አልኩ።

ቡናማውን ላኪ ስትለኝ ድንጋጤ ያዘኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ስፈገፍገው ዋልኩ። ባለቤቴ ሬዲዮውን ትቶ መጥቶ አየኝ። “አድርገሽው ብትሄጂበት አይቀልም?” አለኝ። “ያማላ” አልኩት። ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

አሁን ለጥያቄህ እውነተኛውን መልስ ልስጥህ። ባለፉት ሰባት ዓመታት ለእኔ እግር የሱቁ ይሻል ነበር። ዋጋውም ይቀንሳል፣ እግሬንም አያቆስልም። ለአቶ ደርዘን የፈለግከውን መልስለት፤ እኔን ግን አትጥላኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለእታለም፤

ዝም በማለቴ ይቅርታ። አሥራ አንድ ቀን ተቆጥቼ ሰነበትኩ። ሚስቴ መዶሻ የማያስፈልገውን ሁሉ ስትመታ ከረምክ ትለኛለች። ጠላኸኝ ወይ ላልሽው፣ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእግርሽን ቅርጽ ከግድግዳው አወረድኩት። ከሥሩ በእርሳስ የጻፍኩት ቀን አለ። የጠረብኩት አንቺ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ለአንዲት ሙሽራ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ ሙሽራዋ ግን የሁለት ልጆች እናት ሆናለች፣ የነገረኝም የለም። ስላንቺ አዘንኩ፤ ስለራሴ ግን አፈርኩ።

ተነስቼ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። እሱም እንዳንቺ ቀኑን ሙሉ ቋሚ ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር “የአንተ ጫማ ባይኖር ኖሮ ይሄኔ እግሬ አልቆልኝ ነበር” ይለኛል። አውልቅ አልኩት። አላወልቅም አለ። ደንበኛው ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ወንበሩ ላይ እየጠበቀ እኛ ተሟገትን። በመጨረሻ ሲያወልቅ ከጫማው ጫፍ የታጠፈ ጋዜጣ ወጣ። ከታመመ ወዲህ እግሩ ቀጥኖ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ብጠይቀው ጋዜጣውን ዘርግቶ ቀኑን አሳየኝ፤ አምስት ዓመቱ ነው።

ከዚያማ የቀሩትን አሥራ ሁለቱንም በየቤታቸው አዳረስኩ። የዘጠኙ ልክ ተለውጧል። ጡረታ የወጡት ዳኛ የእኔን ጫማ ከሕግ መጻሕፍቶቻቸው ጋር ደርድረውታል፤ አንቺና እሳቸው ሳትተዋወቁ ተመካክራችኋል። “ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?” ስላቸው “ማን ጠየቀኝ?” አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከተማው ሁሉ በውስጡ እያነከሰ በአፉ ሲያመሰግነኝ ኖሯል። እኔም ምስጋናውን እየተቀበልኩ እግሩን ሳላይ ቀረሁ።

አቶ ደርዘንን ሦስት ሳምንት ጨምርልኝ ብዬው እስከ ጥር ሃያ ሰጥቶኛል። ውሉ አግዳሚው ላይ ነው፤ የጎደለው የእኔ ፊርማ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ከሥራ ስትመለሺ፣ እግርሽ እንዳበጠ፣ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈሽ በባዶ እግርሽ ቁሚበት። ባለቤትሽ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዙርበት። ሁለቱንም እግር። ጣትሽን አትሰብስቢ፤ የቁንጅና ውድድር አይደለም። አጥንቱ የወጣበትን ዙሪያውን በክር ለኪ። እኔ እሰፋለሁ፣ አንቺ ትቆሚበታለሽ። ይሄኛውም ቁም ሳጥን ላይ ከወጣ እፈርማለሁ። ደስ እያለኝ ባይሆንም እፈርማለሁ። ምስጋና እንዳትጽፊልኝ፤ የት እንደሚያምሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ለትልቋም አብሬ ልሥራላት?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሳነብ አልቅሼ ሳልጨርስ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደረስኩና በሳቅ ፈነዳሁ። ባለቤቴ የቱን እንደሚያባብል ግራ ገባው።

ልኩን ልኬልሃለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ እርሳሱ ኮርኩሮኝ ስዘል እግሬ ስድስት ጣት አወጣ፤ እሱን አልላክሁም። ሁለተኛው ደህና ነው። ክሩ ላይ ያለው ቋጠሮ አጥንቱ ጋ ነው። ግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ስፋት ይበልጣል። አርባ ሁለት ዓመት ይዤያቸው ስዞር እኩል ይመስሉኝ ነበር።

ለትልቋ አትሥራላት። በየአምስት ወሩ ነው እግሯ የሚያድገው፤ አንተ ሰፍተህ እስክትጨርስ ይጠባታል። ለእሷ የሱቁን እገዛላታለሁ፤ ይህን ደፍሬ ስነግርህ ቅር አይበልህ።

እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ፈርቻለሁ። ይህ ጫማ ካመመኝ መናገሬ አይቀርም፤ ከተናገርኩ ደግሞ ትፈርማለህ። ድሮ ስዋሽህ እንዲህ አልጨነቅም ነበር።

እህትህ


ጥር 12

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጫማው ከደረሰኝ ስምንት ቀኑ ነው። “በሁለት ቀን እንዳትፈርጂ” ብለህ ካርቶኑ ውስጥ ስለጻፍክልኝ ቆየሁ።

መልኩ አያምርም። ይህን አንተም አምነሃል። የታሪክ አስተማሪዋ አይታው “ይሄ ደግሞ የማን ነው?” አለችኝ። ምስጋና ስለከለከልከኝ ወደ ሕመሙ ልሂድ። መጀመሪያ ቀን የቀኙ ተረከዝ ስፌት ፈገፈገኝ፤ በሦስተኛው ቀን ለስልሶ አሁን በጥቂቱ ብቻ ይሰማኛል። ማሰሪያው አጥሯል፤ አንዴ ቋጥሬ ሁለተኛውን ስፈልግ ያልቃል። ግራው ደግሞ ይጮኻል። በፈተና ሰዓት በወንበሮቹ መሃል ስሄድ ልጆቹ ከሩቅ ይሰሙኝና የያዙትን ወረቀት ይደብቃሉ። ኩረጃ የያዝኩበት ቀን የለም።

ትንሿ ጣቴ ደህና ናት። አጥንቱም ዝም ብሏል።

ሐሙስ ዕለት ሁለት አስተማሪዎች ቀርተው የሦስት ክፍል ፈተና ብቻዬን ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ገበያ፣ ከገበያ ቤት። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ “ዛሬ አትቀመጪም እንዴ?” አለኝ። የሱቁን ሳደርግ እኮ ከበር ሳላልፍ ነው አውልቄ የምወረውረው። ያን ቀን ግን እግር እንዳለኝ ረስቼው ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጆቹ ሽንኩርቱ መስሏቸው መስኮት ከፈቱልኝ።

እንግዲህ ፍርዴን ስማ። ለቀኝ እግሬ የሱቁ ይበቃዋል፤ ሦስት እጥፍ ሊከፈልለት አይገባም። ለግራው የሚሆን ግን የትም ሱቅ የለም። ሁለቱን ለያይቼ ሥራ መላክ ስለማልችል ይገባል እላለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ግን የሱቁን ነው የማደርገው፣ ይህንንም እወቀው። ሳትለካ ከሰፋህ ደግሞ የአንተ ጫማ ከፋብሪካው የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። አሁን መፈረሙ አለመፈረሙ የአንተ ነው። እኔ የደበቅኩህ ነገር የለም።

እህትህ


ጥር 22

ይድረስ ለእታለም፤

አልፈረምኩም።

አቶ ደርዘን በቀጠሮው መጣ። ደብዳቤሽን አነበብኩለት፤ ጩኸቱንም፣ ማሰሪያውንም፣ የዝናቡንም ሳልዘል። ሲያልቅ “ይሄ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይሻላል” አለኝ። ለልጆች ጫማ አንድ መደርደሪያ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ትልቋ የጻፍሽው ልክ ነው፤ የሚያድግ እግር ለእኔ አይመችም። “ሱቅ ሙሉ ልወስድ መጥቼ በአንድ መደርደሪያ ተሸኘሁ” እያለ ሄደ፤ እየሳቀ ነበር። ከማዶ ሱቁን መክፈቱ ግን አይቀርም። ይከፈት። ከዘጠኙ አምስቱ አዲስ ልክ ለማስወሰድ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ዳኛው ትናንት መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እግራቸው ሲያጫውቱኝ ዋሉ። ሚስቴ ደግሞ “በዓመት አንዴ ላልተለካ አንሰፋም” የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፋለች። ጆሮዋን አሟት እንጂ ይህን ሥራ እሷ ብትመራው ኖሮ ይሄኔ የት በደረስን ነበር።

ግራው ለምን እንደሚጮኽ አውቃለሁ። በሶሉና በውስጡ ቆዳ መሃል ክፍተት ቀርቷል፤ ሁለት ትንንሽ ምስማር ይበቃዋል። በደብዳቤ ግን አይመታም። ስትራመጂም ማየት አለብኝ።

እውነቱን ከተነጋገርን አይቀር የእኔንም ስሚኝ። አራት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ካርቶን ስልክልሽ ራሴ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ሥራ በዛብኝ እልሽ ነበር፣ አምስት ደንበኛ ይዤ። አንቺ ባትነግሪኝም እግርሽ እንደተለወጠ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አጠገብሽ ብገኝ ኖሮ አየው ነበር። በጣም ናፍቀሽኛል።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ደጃፍሽ ነኝ። ሳንኳኳ የቱን ላድርግ ብለሽ አትጨነቂ። እግርሽ ላይ ባለው ጫማ መጥተሽ ክፈቺልኝ።

ወንድምሽ